የስሚዛው ወሰን

ቆሰበር፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ይኸነው፣

ጥምቀቱን እንዴት ዋሉት? ናርዶስ ደህና ናት? ልጆቿስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ስልክ ብደውል እኔ «ሃሎ»፣ እርስዎ «ማነው?» እያልን ካርዱ ያልቃል፤ ናርዶስ አጠገብዎ ቆማ ስትጮህልዎትም ከምናገረው ግማሹን ትተወዋለች። ጆሮዎ ቢከዳዎት ዓይንዎ አለና በወረቀት ይሻለናል። ይህቺን የሚያደርስልዎት አበረ ነው፤ ከዚህ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሹፌር፣ የማናለብሽ ልጅ። ለመሆኑ ሐኪሙ ስለ ጆሮዎ ምን አለ?

«መሬቱ አለ ወይስ ጫካ ውጦታል?» ብለው ጠይቀውኛል። ውጦታል። ልጅዎ ናርዶስ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ማንም እጁን አላሳረፈበትም። ግራዋው ከሰው ቁመት አልፏል፤ ሳማው መግቢያ አያስገኝም፤ ቀጋው ቀሚሴን ይዞ አልለቅም ብሎኝ ስለምነው ዋልሁ። ጎረቤትዎ ሽመክት ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። «ዋጋዬ፣ ነብር አገኘሽ ወይ?» አለኝ። ሳቅሁለት፤ ውስጤ ግን ተቃጥሏል።

የልብስ ስፌቴን እንደዘጋሁ ሳይሰሙ አይቀሩም። ሰው አሁን የሚገዛው የተዘጋጀ ልብስ ነው፤ መኪናዬ ቁልፍ መትከያ ብቻ ሆና ቀረች። «የእህቴ ልጅ ነሽ፤ አልሚና ብይው» ብለው መሬቱን ሲሰጡኝ ያለቀስሁት በደስታ ብቻ አልነበረም። ከእሱ ሌላ የምኖርበት የለኝም።

ማክሰኞ ደቦ ጠርቻለሁ። ጠላው ደርሷል፤ ባቄላውም ለንፍሮ ተለቅሟል። አንድ ቁጥቋጦ ሳላስቀር አስመንጥሬ እንደ እጅ መዳፍ አደርገዋለሁ። ዳግመኛ ማንም አይስቅብኝም።

ዋጋዬ


አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ ጥር 23 ቀን 2017

ልጄ ዋጋዬ፣

ደብዳቤሽ ገና ዛሬ ገባ። አበረ ጡሩንባውን ሲነፋ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሰማው፤ እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው ፀሐይ ስሞቅ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። የተሻለ ነገር ይመስላል።

«እንደ እጅ መዳፍ» ያልሽው አልጣመኝም። እናትሽም እንዲህ ነበረች፤ ካልጠረገች ያጸዳች አይመስላትም። ቀጋውን ዳር ዳሩን ተይው። ወፍ ያድርበታል፤ ወፍ ካለ ጎመንሽን ትል አይጨርሰውም። ሳማውንም አንድ ጥግ ላይ አስቀሪለት። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ አታቃጥዪ፤ ከምሪውና እስስትና እንሽላሊት ይግባበት። እነዚህ ሁሉ ላንቺ የሚሠሩ ናቸው፤ ጠላ እንኳ አይጠይቁሽም።

ከሁሉ በላይ ግን በምሥራቅ በኩል ያለውን የስሚዛ አጥር ቅጠሉንም እንዳትነኪ። ከሽመክት ጋር ያለን ወሰን እሱ ነው። ሌላ ድንጋይ የለም፤ የመሬት ደብተሩም «በምሥራቅ የነጋ ልጅ» ብሎ ሽመክትን ይጠራል እንጂ የት ድረስ እንደሆነ አይልም። አባቴ በገዛ እጁ የተከለው ነው። ምንጯም ያለችው እዚያው ስሚዛ ውስጥ ነው፤ እኛ ከወዲህ፣ እነሱ ከወዲያ እየተሽሎከለክን ስንቀዳ ኖረናል። ውሃዋ ግን የኛ ናት። እነሱ የሚቀዱት እኛ ዝም ስላልን ነው። በበጋ ያለ እሷ አንድ እግር ጎመን አታበቅዪም።

ደቦው ሌላ ቀን ተላልፎ እንዲሆን እመኛለሁ። ካልተላለፈም ለሰዎቹ ነግረሻቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ይኸነው


ቆሰበር፣ የካቲት 9 ቀን 2017

ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ናርዶስስ? ታናሽየው ጥርስ አበቀለ? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ወርቅአየሁ ሴት ልጇን ዳረች። ወደ ጫግኒ ከሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ትልቁ ግራር በንፋስ ወድቆ ሰው ሳይጎዳ ቀርቷል፤ ተመስገን ነው። የሰሙ እንደሆነ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የጻፍሁት።

ነጭ ሽንኩርቱን ተከልሁ። ጎመኑን መደብ ላይ አፈላሁት። ምክርዎን ተቀብዬ ከደቦው የተረፈውን ቀጋ ዳር ዳሩን ትቼዋለሁ፤ ሳማውም ጥጉን ይዟል። ቅርንጫፉን ከምሬ በማግሥቱ ብሄድ ትንሽ ወፍ፣ ያቺ ጅራቷን የምታወዛውዘው፣ ቁጭ ብላበት አገኘኋት። የቤቱ ባለቤት እሷ፣ እንግዳዋ እኔ መሰልሁ። እውነትዎን ነው፤ ከጎኔ ሆኖ የሚሠራ ነገር ሲኖር ደስ ይላል። ፍግና ቅጠልም እያደባለቅሁ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላት ጀምሬያለሁ። ፋና፣ ያቺ የግብርና ባለሙያዋ፣ አይታው «በርቺ» ብላኛለች።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከደቦው በኋላ ነው። ስለ ስሚዛው አይስጉ።

ለጨዋታ ያህል ልጠይቅዎትና፣ ከምንጯ እስከ ወሰኑ ድረስ ምን ያህል ይሆን ነበር? በክንድም በእርምጃም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ዋጋዬ


ኮተቤ፣ የካቲት 21 ቀን 2017

ዋጋዬ፣

የደነቆርሁት በጆሮዬ ነው። በዓይኔ ገና አልደነቆርሁም።

ስለ ወርቅአየሁ ልጅ ሠርግ፣ ስለ ወደቀ ግራር፣ ስለ ወፍ ጅራት ጽፈሽ ጽፈሽ ስለ ስሚዛው አንድ መሥመር። ያቺም መሥመር «አይስጉ» ትላለች። እኔ መች ሰጋሁ አልሁሽ? ደግሞስ ወሰኑ ቆሞ እያለ ከምንጯ እስከ ወሰኑ ምን ያህል ነው ብሎ በጨዋታ የሚጠይቅ ሰው አለ? ወጥተሽ አታዪውም?

ስሚዛው አለ ወይስ የለም? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ሰላምታውንም ተይው፤ የናርዶስን ልጅ ጥርስም ተይው። እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ይኸነው


ቆሰበር፣ መጋቢት 4 ቀን 2017

ጋሼ፣

የለም።

ያን ዕለት ሰው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ደቦ ፉክክር ካልገባበት ደቦ አይሆንም፤ ሁለት ወገን ሆነው ከሁለት ጫፍ ጀመሩ። ነጋሪ ሳላስቀምጥ ጓዳ ገብቼ ጠላ ስቀዳ ነበር። ፉከራው ሲበዛ እየሠሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስወጣ ስሚዛው ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል፤ ጉቶው እንዳይታይ ላዩን በዶማ ቆፍረው ደልድለውታል። እሱ ብቻ እንኳ አይደለም፤ ላብ በላብ ሆነው «እልል በይ እንጂ!» አሉኝ። ደቦ የጠራ ሰው ምን ሊል ይችላል? እልል አልሁ። ያኔ ወሰን መሆኑንም አላወቅሁም ነበር፤ እሾህ ያጠረው አሮጌ ቁጥቋጦ ነው የመሰለኝ። ያወቅሁት የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርስ ነው። ያን ዕለት እህል አልቀመስሁም።

በምሥራቅ በኩል የነበረው ወገን አለቃ ሽመክት ነበር። ገጀራውን ያነሳው እሱ ራሱ ነው። አውቆ ይሁን በፉክክሩ ተወስዶ እስካሁን አልገባኝም። ፊቱን ሳየው አንድ ቀን አውቆ፣ አንድ ቀን ሳያውቅ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት በሬዎቹን ጠምዶ ምንጯን አልፎ ወደኛ አረሰ። ሮጬ ሄድሁ። «ሽመክት፣ ምነው?» ብለው «ወሰኔ ከምንጯ ወዲህ ነው፤ አባቴ ነጋ በእጁ የተከለው ስሚዛ ነበር። ውሃው የኛ ነው፤ እናንተ ዝም ስላልናችሁ ነው የምትቀዱት» አለኝ። ጋሼ፣ ቃል በቃል የእርስዎን ንግግር ነው የመለሰልኝ። ሚስቱ ካሳነሽ ከኋላው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ውሃዋን ከያዛት ጎመኑ እስከ ሚያዝያ አይቆይም። እኔም አልቆይም። አላወቅሁበትም፤ ጥፋቱ ከእኔ ነው። የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ግን ምን ላድርግ?

ዋጋዬ


ኮተቤ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017

ዋጋዬ፣

ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድሁት። ናርዶስ «አባባ፣ ማንን ነው እንዲህ የሚሳደቡት?» አለችኝ። ለካ ስጽፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል፤ አልሰማሁት። የአባቴን እጅ ያህል ነው የቆረጣችሁት። ይህን ብዬሻለሁ፤ ከእንግዲህ አልደግመውም።

አሁን ስሚ። ስሚዛ ላዩ ቢቆረጥ ሥሩ አይሞትም። ጉቶውን ነቅለው ካላወጡት ዝናብ ሲወርድ በነበረበት መሥመር ይወጣል። ይህን ሽመክትም ያውቃል፤ ቸኩሎ ያረሰው ለዚያ ይሆናል። ስለዚህ አትጨቃጨቂ፣ ክስም አትክሰሺ። ይሄይስን ያዢ። ሽማግሌ ነው፤ የሁለታችንንም ቤት ያውቃል። ከምንጯ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት በሚካኤል ያስገዝታችሁ፤ አንቺም አትግቢ፣ እሱም አይግባ፣ ከብትም አይሰማራበት። ከዚያ ሰኔን ጠብቁ። ስሚዛው ከምንጯ ወዲያ ይወጣል። እኔ አውቃለሁ።

ይኸነው


ቆሰበር፣ ግንቦት 2 ቀን 2017

ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ እላለሁ፤ በዓሉ ካለፈ ቆየ፤ መንገዱ ተዘግቶ አበረ እቤቱ ከርሞ ነው። «ሽመክት ግዝቱን ተቀበለ ወይ?» ያሉት ደብዳቤም የደረሰኝ ትናንት ነው። ተቀብሏል። አያ ይሄይስ በሚካኤል ስም አስሮ፣ ሰኔ ሃያ አንድ በማርያም ዕለት ተሰብስበን እናያለን ብሎናል። እስከዚያ ከምንጯ ግራና ቀኝ ማንም አይገባም። እኔ ከግዝቱ መሬት ወዲህ ድንች ተከልሁ፤ እሱ ከግዝቱ ወዲያ ገብስ ዘራ።

ውሃውን ከታች ወንዝ በአህያ አመጣለሁ። ጎመኑ ግማሹ ቀርቶልኛል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ግን ያምራል። መድኃኒት አልረጨሁም፤ ትሉን ወፎቹ ይጨርሱታል። ፋና ሁለት ገበሬ ይዛ መጥታ «እንዲህ ነው» ብላ አሳየችብኝ፤ ለትንሽ ጊዜ ኩራት ተሰማኝ። ወዲያው ቀና ስል ሽመክትን አየሁት፤ ኩራቱ ጠፋ።

ያ የተገዘተው መሬት ግን ጉድ ሆኗል። ማንም ስለማይነካው ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጎ፣ አበባው በየዓይነቱ ፈንድቶበት፣ አንድ የንብ መንጋ አሮጌው ብሳና ላይ ሰፍሯል። ንቦቹ በእኔም ማሳ፣ በእሱም ማሳ ይውላሉ፤ ግዝት አይዛቸውም። በምንጯ ዙሪያ ደግሞ እንቁራሪቶቹ ናቸው። ማለዳና ማታ ጩኸታቸው ሰፈሩን ይይዘዋል። ለእኔ ለምደዋል፤ አጠገባቸው ብኮተኩት ዝም አይሉም። ሽመክት ከዳር ሲቆም ግን ሁሉም ባንዴ ጸጥ ይላሉ። ስለዚህ ቀና ሳልል መምጣቱን አውቃለሁ። በየማለዳው ይመጣል። ምንም አይናገርም፤ እኔም አልናገርም። ሰላምታ ካቆምን ቆየን።

ያ ዝምታ እየከበደኝ ነው። ከእሱ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጆሮዎን በተመለከተ ሐኪሙ ያለውን እስካሁን አልጻፉልኝም።

ዋጋዬ


ቆሰበር፣ ሰኔ 10 ቀን 2017

ጋሼ፣

ይህቺን ብቻዎን ያንብቧት።

ዝናቡ ከገባ ሰነበተ። የግዝቱን መሬት በየቀኑ ከዳር ሆኜ አያለሁ። ሣር አለ፣ አበባ አለ፣ ስሚዛ ግን አንድም የለም። ከምንጯ ወዲያ ይወጣል ያሉኝ ስፍራ ባዶ ነው። ሽመክትም ያያል፤ እሱም ያገኘው የለም ብዬ ተጽናንቼ ነበር።

ትናንት ድንቹን ልኮተኩት ገባሁ። በስተምሥራቅ ባለው የመጨረሻው መደብ ላይ፣ ከድንቹ ቅጠል ሥር፣ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ቡቃያ አየሁ። አረም መሰለኝ። ቅጠሉን አሽቼ ቀመስሁት። መራራ ነው። ስሚዛ ነው፣ ጋሼ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር ተዘርግቷል፤ ያውም ከምንጯ ወዲህ፣ በእኔ መደብ መሐል።

ሽመክት ያለው እውነት ነው ማለት ነው። ውሃው የእነሱ ነው።

የድንቹ ቅጠል ስለሸፈነው ማንም አላየውም። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በማርያም ነው። እርስዎ «እኔ አውቃለሁ» ብለውኝ ነበር። አሁንስ ምን ያውቃሉ? 

ዋጋዬ


ኮተቤ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017

ልጄ፣

ብቻዬን ነው ያነበብሁት። ለናርዶስም አልነገርሁ።

ሰኔ ድንች የሚኮተኮትበት ወር ነው። ኮትኩቺ። ሰው ሲኮተኩት አረሙን ከማሳው ያወጣል፤ ማን ነው ቆሞ ይህን ነቀልሽ፣ ያን ተውሽ የሚልሽ? ግዝቱ ለምንጯ ዙሪያ ነው፤ ያንቺ ድንች መደብ በግዝት አልተያዘም። ሚካኤልንም አላስቀየምሽም።

ሱቅሽን ዘግተሻል። ያ መሬት ያለ ውሃ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ ከእንግዲህ ልረዳሽ የምችለው በዚህች ብቻ ነው።

አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጃት።

ይኸነው


ቆሰበር፣ ሰኔ 23 ቀን 2017

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ በማርያም ዋዜማ ደረሰኝ። አበረ እጄ ላይ ሲያኖራት ገና ሳልከፍታት የምትለውን ያወቅሁ መሰለኝ። ከፈትኋት። ያልጠበቅሁት አልነበረም፤ ግን ከእርስዎ መሆኑ አስለቀሰኝ። ወዲያውም ደግሞ ደስ አለኝ፤ እውነቱን እነግርዎታለሁ፣ ደስ ብሎኛል። የማከብረውን ሰው ፈቃድ አግኝቼ ነበርና።

መኮትኮቻውን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ እንቁራሪቶቹ ይጮኻሉ። በመጨረሻው መደብ ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ቡቃያ ከሥሩ ያዝሁት። ልስበው ስል ሁሉም ባንዴ ጸጥ አሉ። ሽመክት የመጣ መሰለኝ። ቀና አልሁ። ማንም የለም። ወዲያም አየሁ፣ ወደ ኋላዬም አየሁ፤ አንድ ሰው የለም፣ ጋሼ። ዝም ያሉት ለእኔ ነው።

ምናልባት ስረግጥ ድምፅ አሰምቼ ይሆናል። ምናልባትም ጭልፊት አልፎባቸው ይሆናል። እኔ ግን እጄን መለስሁ፤ መኮትኮቻዬን ይዤ ተነሳሁ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሽመክትና ካሳነሽም ነበሩ። አያ ይሄይስ የግዝቱን መሬት ዞሮ ዞሮ አየ። «ስሚዛ የለም፤ ምን ይሻላል?» አለ።   «እኔ ዘንድ አለ» አልሁ።  ወስጄ የድንቹን ቅጠል ገለጥሁላቸው። አያ ይሄይስ ጎንበስ ብሎ መሥመሩን በምርኩዙ ተከተለው። «እንግዲያ ውሃው የሽመክት ነው» አለ። ሁሉም ወደ ሽመክት ዞሩ።

ሽመክት ደስ አላለውም። ገብሱን ያያል፣ እግሩን ያያል። ካሳነሽ ነች የተናገረችው። «ተናገር እንጂ ሰውየ! አንተ ካልተናገርህ እኔ እናገራለሁ» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ገብሱ መራን። ከምንጯ ወዲያ፣ በእሱ ማሳ ውስጥ፣ እንዲሁ ቀጥ ያለ መሥመር አለ፤ ገብሱ ተረጋግጦ፣ ቡቃያው ተነቅሎ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሲወጣ። «በየማለዳው እነቅለዋለሁ፤ በየማለዳው ይወጣል» አለ። ለካ በየማለዳው የሚመጣው እኔን ሊያይ አልነበረም።

አያ ይሄይስ ቁጭ አለ። ሁለት ስሚዛ ነው የነበረው፣ ጋሼ። አንዱ የኛ፣ አንዱ የእነሱ። ምንጯ መሐል ላይ ለማንም ሳትሆን ቀርታ፣ ስሚዛዎቹ በዘመን ብዛት ተደራርበው አንድ ጫካ ሆኑ። ሁላችንም አንድ ወሰን መሰለን። «ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲያጥር መሐሉን አውቆ ትቶ ነው» አለ አያ ይሄይስ። በሁለቱ ስሚዛ መሐል ያለው መሬት እንዳለ ይቆይ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ መቅጃ መንገድ ይውጣ፣ ከዚያ ውጭ ማንም አይረሰው፣ አይመንጥረው ብለው አስረውታል። ስሚዛውን ሁለታችንም መልሰን እናሳድጋለን።

ሽመክት ሲሄድ «ዋጋዬ፣ ደህና ዋይ» አለኝ። እኔም «ደህና ዋል» አልሁት። ሌላ አልተናገርንም።

አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሁለቱ ስሚዛ መቼ፣ ስለ ምን ተተከለ? እርስዎ አባትዎ ሲተክሉ አላዩም?

ዋጋዬ


ኮተቤ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017

ልጄ ዋጋዬ፣

ከሰላምታ በፊት፣ ያቺን ደብዳቤ ቅደጃት ያልሁሽን እንዳልቀደድሻት አውቃለሁ። አስቀምጫት። መጥቼ በገዛ እጄ ምድጃ ውስጥ እከታታለሁ።

አባቴ ሲተክል አይቻለሁ፤ ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ቅርንጫፉን የማቀብለው እኔ ነበርሁ። ነጋ ሲተክል ግን አላየሁም። ሁለቱ በአንዲት ጊደር ተጣልተው ዓመታት አልተነጋገሩም፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር። አባቴ ሲተክል ከምንጯ ወደኛ ራቅ ብሎ ጀመረ። «አባ፣ ውሃው ውጭ ቀረ» አልሁት። «ዝም ብለህ አቀብል» አለኝ። ነጋም በሌላ ቀን መጥቶ፣ አባቴ ሳያየው፣ እሱም ከወዲያ ራቅ ብሎ ተክሎ ኖሯል። ውሃ የቀማ እንዳይባል ሁለቱም ፈርተው ነው። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ያቺን መሬት ተዉልን። እኔ ጎረምሳ ስሆን ጫካው ገጥሞ ነበርና ቃሉን ረሳሁት። «ውሃው ውጭ ቀረ» ያልሁት እኔው ራሴ ስሆን ዕድሜ ልኬን የኛ ነው ስል ኖርሁ።

አሁን ስለ ሐኪሙ። የግራው ጆሮዬ ድሮም የለም፤ የቀኙም አይመለስም ያለኝ ገና በጥር ነው። ደስ የማይል ወሬ ስለሆነ አቆየሁት። ከዚህ የምጠብቀው ነገር የለም፤ መንገዱ ደህና ከሆነ ከፍልሰታ በፊት አበረ ይዞኝ ይመጣል። ናርዶስ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ።

ስመጣ በመጀመሪያ ወደ ምንጯ ትወስጂኛለሽ። በኛ በኩል ባለው መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አንቺ ከድንቹ ዳር ቁሚ። እንቁራሪቶቹ እየጮኹ ይሁን ዝም ብለው እኔ አልሰማም። ያን ደብዳቤ ለጻፈ ሰው ዝም ካሉ፣ ሳትዋሺ ንገሪኝ።

አጎትሽ ይኸነው